መሪ ላይ የወሰደኝ እንቅልፍ

ሥራ የገባሁ ቀን አውቶቡስ አልነዳሁም፤ ስዞረው ዋልኩ። አሠልጣኙ ካርድ ሰጠንና ጎማ፣ መብራት፣ መስታወት፣ በር፣ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ፣ አንድ በአንድ እየነካን ምልክት እንድናደርግ አዘዘን። እኔ የኋላ ጎማውን በዓይኔ ብቻ አይቼ ምልክት ሳደርግ ካርዱን ቀማኝ። ያልነካሽውን አይቻለሁ አትበይ ብሎ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። በአርባ አምስት ዓመቴ እንደ ተማሪ መገሠጼ አናደደኝ። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ በሠራሁባቸው አሥራ አራት ዓመታት መኪናውን ሳልዞር የተነሣሁበት ቀን የለም።

ለንደን የመጣሁት ከ97ቱ ምርጫ በኋላ ነው። ክሮይደን የስደተኞች ቢሮ እየተመላለስኩ የመኖሪያ ወረቀቴን እስካገኝ፣ ከዚያም ቢሮ ሳጸዳ ጥቂት ዓመታት አለፉ። በኋላ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ቶተንሃም አካባቢ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበትና የሚሰማሩበት ጋራዥ ተቀጠርኩ። በእኛ ሥራ ማዕረጉ ብዙ አይደለም። ሹፌር አለ፤ ከሹፌሩ በላይ በሬዲዮ ፍጠኝ፣ ቆይ እያለ የሚያዘው ኮንትሮለር አለ፤ ከሁሉም በላይ የጋራዡ ማናጀር አለ። የእኛ ማናጀር ዴሪክ ይባላል። ራሱም ሃያ ዓመት ነድቶ ያደገ ስለነበር ሰበብ ይዞ ቢሮው መግባት አይሞከርም።

እኔ የምወደው የጠዋቱን ሺፍት፣ ኧርሊ የምንለውን ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መሪ እይዛለሁ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እወርዳለሁ። ለጾምም ይመቸኛል። በዐቢይና በነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አልቀምስም፣ በሌሎቹ ከሥጋና ከወተት ብቻ እታቀባለሁ፤ ከሥራ ወጥቼ ካንቲን ገብቼ ነው የምበላው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ጾም አስታጉዬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኮራበትም ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በስምንተኛው ዓመት ድካም ያዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ፣ ጭራሽ እንዳልተኛ ሰው ሆኜ እነሣለሁ። በሐምሌ፣ ለንደን በሚሞቅበት ወር፣ ሹራብ እደርባለሁ። ባለቤቴ ጌታቸው ማንኮራፋትሽ የቆሻሻ መኪና ሆነ ብሎ ሳሎን መተኛት ጀመረ። ጋራዥ ውስጥ ደክሞኛል ቢባል የሚሰማ የለም፤ የማይደክመው ማን አለና። እኔም የሺፍቱ ነው እያልኩ እስከ ገና ድረስ ችላ አልኩት።

ከገና በኋላ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደም አስመረመረችና ታይሮይድሽ ሰንፏል አለችኝ። አንገት ውስጥ ያለ ዕጢ ነው፤ እሱ ሲሰንፍ ሰውነት በሙሉ ይሰንፋል፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ሊቆራረጥ፣ ቀን ደግሞ ዓይን አልገለጥ ሊል ይችላል አለችኝ። ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው እንቅርትን ነው፤ አገር ቤት አንገታቸው ያበጠ ሴቶች አይቻለሁ። የእኔ አንገት ምንም የለበትም። ቤት ገብቼ በመስታወት አየሁት፣ በእጄም ዳሰስኩት። የሆነ ሆኖ በየጠዋቱ አንድ ክኒን በባዶ ሆድ ውሰጂ ተባልኩ፤ ወሰድኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጌታቸው ወደ መኝታ ቤት ተመለሰ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ክኒን በውኃ ነው የሚዋጠው፤ ውኃ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የለም። ስለዚህ ክኒኑን ወደ ምሳዬ አዛወርኩት። ካንቲን ውስጥ ሽሮዬን በልቼ በትልቅ ኩባያ ሶያ ወተት እውጠዋለሁ። ዋናው መዋጡ ነው ብዬ ነበር። ለሐኪሟ አልነገርኳትም፤ ጾሙን ተዪ ትለኛለች ብዬ ነው። የነፍስ አባቴንም አልጠየቅኩም።

ጾሙ ሊያልቅ ሲል ድካሙ ተመለሰ። ደም ሰጠሁ፤ ዝቅ ብሏል ተብሎ ክኒኑ ተጨመረ። ፋሲካ ሆነና ክኒኑን ወደ ጠዋት፣ ወደ ውኃ መለስኩት። አሁን ደግሞ ልቤ ትመታ ጀመር፤ እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኔን አፍጥጬ አነጋለሁ። እንደገና ደም ሰጠሁ፤ በዝቷል ተብሎ ተቀነሰ። በእንቅልፍ ብዛት የሄድኩበት ክሊኒክ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ መሄዴ ለራሴም ቀልድ መሰለኝ። ምን እንደነካኝ ሊገባኝ አልቻለም። ሐኪሟ ምናልባት ክኒኑን እየረሳሽ ይሆን ስትለኝ ተቀየምኳት። አንድ ቀን እንኳ ዘልዬ አላውቅም።

በጋውና መኸሩ በደህና አለፉ። ኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ሲገባ ክኒኑን እንደገና ወደ ካንቲን ወሰድኩት።

ለገና በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ አውቶቡሱ እንደሞላ ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው የሹፌር ክፍሉ መስታወት ሲንኳኳ ነው። አንዲት አሮጊት ጃማይካዊት በቀለበታቸው እያንኳኩ፣ ልጄ፣ መብራቱ ሁለቴ አረንጓዴ ሆነ እኮ አሉኝ። ከኋላዬ ጥሩምባው ይጮኻል። የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፤ መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። ከሁሉ የባሰው ግን እሱ አይደለም። ያለፍኳቸውን ሦስት ፌርማታዎች አላስታውስም። በር ከፍቼ ሰው አውርጄ መሆን አለበት። ማን እንደወረደ፣ ፊቴ የተሻገረ ሰው ይኑር አይኑር፣ ምንም የማውቀው የለም። መብራቱን አልፌ ዳር ያዝኩና ሞተር አጠፋሁ። ኮንትሮለሩን በሬዲዮ መንዳት አልችልም አልኩት። ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠይቄ አወረድኳቸው። ፈርቼ ነበር፣ አፍሬም ነበር።

ጋራዥ ስመለስ ዴሪክ አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ትናንት ምን ያህል ተኛሽ አለኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ያህል አልኩት። ጠጥተሽ ነበር ወይ አለኝ፤ ጾም ላይ ነኝ አልኩት፤ መልሴ እንዳልገባው ከፊቱ አየሁ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«እኔ ማወቅ ያለብኝ አንድ ነገር ነው፤ ይደገማል ወይስ አይደገምም?»

«አላውቅም» አልኩት።

«እንግዲያው መሪ አልሰጥሽም።»

ሐኪም መንዳት ትችላለች ብሎ እስኪጽፍልኝ ድረስ የተረሱ ዕቃዎች ክፍል ተመደብኩ። አራት ወር ተሰጠኝ። በአራት ወር ውስጥ ደብዳቤው ካልመጣ ሥራዬ ያበቃል። የምወደው ሥራ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለንደን ውስጥ ሌላ የምኮራበት ነገር አላገኘሁም።

የተረሱ ዕቃዎች ክፍል ሥራው የተገኘውን ዕቃ፣ የአውቶቡሱን ቁጥርና ቀኑን ጽፎ መለጠፍ ነው። ጃንጥላ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ ክራንች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ያለ ክራንቹ እንዴት ወርዶ ሄደ እያልኩ እስቅና ሳልጨርስ እንባዬ ይመጣል። በዚህ መካከል ገና አለፈ። መሪ እንደለቀቅኩ ሐኪሟ ደሜን አይታ ክኒኑን ከፍ አድርጋው ስለነበር፣ ከጾሙ በኋላ ወደ ጠዋት ስመልሰው እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ትመታ ጀመር። ደብዳቤውን ጻፊልኝ ብዬ ስለምናት፣ ደምሽ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየሄደ ምን ብዬ ልፈርም አለችኝ። ክኒኑን ቀንሳ ወደ ስፔሻሊስት ላከችኝ፤ ቀጠሮው ረጅም ነው። ከሁለት ወር በላይ አለፈ። አንድ ቀን ያመመኝ ሰውነቴን ይሆን፣ አእምሮዬን ይሆን ብዬ ጌታቸውን ጠየቅኩት። እሱም ግራ ስለገባው ሻይ አፈላልኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ክኒኔን ልወስድ ፋርማሲ ሄድኩ። ለጾሙ የገዛሁትን ባለ አንድ ሊትር ስድስት ካርቶን ሶያ ወተት በከረጢት ይዤ ነበር። ፋርማሲስቱ ለዓመታት የሚያውቀኝ ናይጄሪያዊ ነው። ከረጢቱን አየና ይህን ሁሉ ማን ሊጠጣው ነው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት፣ ጾም ሊገባ ነው። ክኒኑን ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«ክኒኑን በምን ነው የምትወስጂው?»

«በውኃ። በጾም ጊዜ በዚህ።»

ጾሙ መቼ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ሁሉንም ጠየቀኝ። ከዚያ አስረዳኝ። ምግብም ሶያ ወተትም ክኒኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። በጾም ከፊሉ ይባክናል፤ ሐኪሟ አነሰ ብላ ትጨምራለች። ጾሙ ሲያልቅ የተጨመረው እንዳለ ደምሽ ውስጥ ይገባል፤ በዛ ብላ ትቀንሳለች። ሲያንስ ያስተኛሻል፣ ሲበዛ እንቅልፍ ይነሣሻል። እዚያው የበሽተኞች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አልተደሰትኩም፤ ይህን ያህል ጊዜ በራሴ እጅ መሆኑ አንገበገበኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ጥግ ይዤ ነገርኳቸው።

«መድኃኒት ጾም ያፈርሳል ብዬሽ አውቃለሁ?» አሉኝ።

«አልጠየቅኩዎትም አባ።»

«ለምን?»

«ውሰጂ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ።»

«ታዲያ የምትጾሚው ለማን ነው?» አሉኝ። ክኒኑን በየጠዋቱ በውኃ እንድወስድ፣ የምቆርብ ቀን ሲመጣ ግን አስቀድሜ እንዳማክራቸው አዘዙኝ። ያን ዓመት ዐቢይ ጾምን ጠዋት ጠዋት በሁለት ጉንጭ ውኃ ክኒኔን እየዋጥኩ ጾምኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከመዋጤ በፊት አማትብ ነበር።

ለሐኪሟም ሁሉንም ነገርኳት። ኮምፒዩተሯ ላይ የደሜን ውጤቶች ከፈተችና የጾሞቹን ቀኖች አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ከፍ ዝቅ ያለው ሁሉ ከጾሙ ጋር ገጠመ። ብጠይቅሽ ኖሮ አለች፤ ብነግርሽ ኖሮ አልኳት። ጾሙ ሊያልቅ ሲል የሰጠሁት ደም በጾም ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነ። እንቅልፌም ተስተካክሎ ነበር። ደብዳቤው ዴሪክ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው አራቱ ወር ሊሞላ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው።

ዴሪክ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ችግሩ ምን ነበር አለኝ፤ ከነሶያ ወተቱ ነገርኩት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም አልጠየቀሽም?»

«ማንም።»

«አንቺስ አልተናገርሽም?»

«አልተናገርኩም።»

የነገውን የሥራ ካርድ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ አምስት ዓመት ነዳሁ።

ዛሬ መሪ ለያዛችሁ የምለው ይህን ነው። ክኒን ሲታዘዝላችሁ መቼና በምን እንደምትውጡት፣ ጾምም ካለባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔ ሐኪሟ ጾሙን ተዪ እንዳትለኝ፣ አባም ውሰጂ እንዳይሉኝ ብዬ ዝም አልኩ፤ ስልሳ ሰው ጭኜ ሦስት ፌርማታ ተኝቼ ነዳሁ።