የንጉሤ ጉብታ

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ኮልፌ ዳገቱ ላይ ያለችው የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኗ ጎን አንድ ትልቅ የአፈር ጉብታ አለ፤ ድሮ ጦር የሰፈረ ጊዜ የቆለለው ምሽግ ነው ይባላል። የማን ጦር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እኛም ፍየል ከማሰማራት አልፈን አልተመራመርንም።

በየካቲቱ እልቂት ጣሊያን አንድ ልጃቸውን ገደለባቸው። ንጉሤ ይባል ነበር። ያኔ የሟች ዘመድ ነኝ ማለት ራስን ማስገደል ስለነበር፣ አባት ሬሳውን በገለባ ሸፍነው በአህያ አመጡና ጉብታው ጥግ ቀበሩት። ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ። ሚስታቸው እትዬ ጥሩሰው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ዋሉ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ በማግስቱ ሥራ ገቡ።

"ምንም አልተሰማኝም፤ እጄ ብቻ ደንዝዞ ነበር" ይሉ ነበር በኋላ።

በመስከረም አሮጌ ነገር የሚያጠና ጣሊያን ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። አስተርጓሚው ከእሱ ሌላ ቋንቋ የሚያውቅ ያለ የማይመስለው ጉረኛ ነው። የተነካውን አፈር በከዘራው እየጠቆመ፣ "እዚህ ማነው የተቀበረው?" አለ።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ መዋሸት ነበረባቸው። አፋቸው ግን ያለውን አወጣው።

"ንጉሤ።"

"ንጉሥ ነው ይላል" ብሎ አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ተረጎመለት። ጣሊያኑ ባርኔጣውን አወለቀ።

በሳምንቱ ጉብታው በሽቦ ታጠረ፤ መቆፈርም መጠጋትም ክልክል ሆነ። ለጋሽ ወልደጊዮርጊስ ፊሽካ ተሰጣቸው፤ የጉብታውም ዘበኛ ሆኑ።

"ልጄን አሰርክብኝ" አሉ እትዬ ጥሩሰው። "አንድ ቀን እንኳ ሳላለቅስለት ልሙት?"

"ካወቁ አውጥተው ይጥሉታል" አሉ ባል።

የሙት ዓመቱ ዕለት ጣሊያኑ ወታደሮችና እንግዶች ይዞ ጉብታውን ሊያሳይ መጣ። እትዬ ጥሩሰው በሽቦው ሥር ሾልከው ገቡ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ፊሽካውን ነፉ። ሚስታቸው አልዞሩም፤ አፈሩ ላይ ተደፍተው ጮኹ።

"ወይኔ ንጉሤ! ወይኔ ንጉሤ!"

አንዱ ወታደር ጠመንጃውን አነሳ። አስተርጓሚው ፈጥኖ አስቆመው።

"ተዋት፣ ለጥንቱ ንጉሧ ነው የምታለቅሰው!"

ጣሊያኑ ደስ ብሎት ፎቶ አነሳ፤ እስክትጨርስ ማንም እንዳይነካትም አዘዘ።

እትዬ ጥሩሰው የዓመት ለቅሷቸውን በጠላት ፈቃድ እስኪመሽ አለቀሱት። እኛም ከሽቦው ውጭ ቆመን አብረን አለቀስን። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ግን ጀርባቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ ፊሽካውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ሰው እንዳይጠጋ ሲከላከሉ ዋሉ።