በሞያሌ የመረጥኩት የጠላቂ ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት በሞያሌ ገበያ፣ በኬንያው ወገን፣ የስልክ መሸፈኛ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ወጣት መሸፈኛውን ትቶ አንድ ዘመናዊ የእጅ ሰዓት አወጣና ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ባሕር ውስጥ ይገባል። ስንት ሜትር እንደወረዱ ይነግርዎታል» አለኝ። አጠገቤ የቆመ ሹፌር ቀበል አድርጎ፣ «መጀመሪያ ባሕሩን ሽጥላቸው» አለው። ሱቁ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ይህን መሰል ቀልድ ግን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ የሚሳቀው በእኔ ነበር።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። አስፋልቱ ገና ሞያሌ አልደረሰም፤ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው የከብት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ አቧራ እየቃመ፣ መቼ እንደሚደርስ ሳያውቅ ነበር የሚነሳው። እኔ ለአንድ የናይሮቢ ጋዜጣ ከድንበሩ ዜና እልክ ነበር፤ የከብት ገበያ፣ የዝናብ መዘግየት፣ የመንገድ መዘጋት። አንድ ጊዜ ስለ ዓሣ አጥማጆች እንድጽፍ ወደ ባሕር ዳርቻ ተላክሁና ሳሊም የሚባል የጠላቂዎች አሰልጣኝ አገኘሁ። ለዘገባው ብዬ አንድ ቀን አብሬው ውሃ ውስጥ ገባሁ። ዘገባው ታተመ፣ ተረሳም። እኔ ግን ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር እየተመለስኩ የመጥለቅ ትምህርቱን ጨረስኩ።

በዚያ ሰሞን ሳሊም አዲስ ጀልባ ሊያስገባ ነበር። እንግዶችን ባሕር ወለል ላይ ወዳረፉ የሰመጡ መርከቦች ሊወስድ አስቦ ረዳት ፈለገ፤ ረዳቱ እኔ እንድሆን ጠየቀኝ። ሥራዬንም ሞያሌንም ትቼ ማለት ነው። «ዳዳ» አለኝ፣ በስዋሂሊ እህቴ ማለቱ ነው፣ «በተዋስሽው ኮምፒውተር መጥለቅ ይብቃሽ፤ የራስሽን ግዢ። ስትገዢ ግን እስካሁን የጠለቅሽውን ተዪውና ከዚህ በኋላ የምትጠልቂውን አስቢ።»

የጠላቂ ኮምፒውተር እጅ ላይ የሚታሰር፣ ከሰዓት ትንሽ ተለቅ ያለ ዕቃ ነው። ጠላቂው ምን ያህል እንደወረደ፣ እዚያ ጥልቀት ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል፣ በምን ፍጥነት መውጣት እንዳለበት ይነግረዋል። ውሃ ውስጥ ሲተነፍስ ናይትሮጅን ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ቸኩሎ ከወጣ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሆንበታል። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ይህንን ነው። የእኔ ምርጫ ሁለት ላይ ቆሞ ነበር። አንደኛው ቁጥሩ ትልልቅ፣ ለተራ አየር ብቻ የሚያሰላ፣ ባትሪውን ማንም ሰዓት ሠሪ የሚቀይረው ዓይነት ነው። በዓመት አንድ ሁለቴ ወደ ባሕር ለምትወርድ ሰው በቂ ነው። ሌላው ኦክስጅን ለተጨመረበት አየርም ያሰላል፣ ጀርባ ላይ በሚታዘለው ሲሊንደር ውስጥ የቀረውን አየር ያለ ቱቦ ያነባል፣ አቅጣጫ ያሳያል፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ወደ ባለሙያ መላክ አለበት። በሳሊም ጀልባ ላይ በየቀኑ የምትሠራ ሰው ያለ እሱ አይሆንላትም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ብገዛ ሞያሌ እቀራለሁ፣ ሁለተኛውን ብገዛ እሄዳለሁ።

የሚያመጡልኝ ሐጂ ኑረዲን ነበሩ። ድንበር ተሻግረው የሚነግዱ፣ ለዕቃ እስከ ዱባይ የሚደርሱ ጎረቤታችን ናቸው። ገንዘቡን አጠራቅሜ ሰጥቻቸዋለሁ፤ የቀረው የምፈልገውን ዕቃ ስም መንገር ብቻ ነው። ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ማንዳዚ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በግመል ወተት ሻይ እያወራረዱ አገኘኋቸው።

«ነገ ሲነጋ እነሳለሁ» አሉኝ። «ፀሐይ ሳትገባ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዛሉ?»

«ውዱን!» አሉ ሳያስቡ። «ስታገቢ ትሸጪዋለሽ።»

«ለማን?»

«እሱን ያኔ እናስብበታለን። ለመሆኑ ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ ነው፣ «እዚህ የት ልትጠልቂ ነው? የውሃው ታንከር ውስጥ?»

ጆንያ የሚያወርደው ሠራተኛቸው ሸክሙን ሳያስቀምጥ፣ «ታንከሩማ ደርቋል ሐጂ። ዘልላ ብትገባ እግሯን ነው የምትሰብረው» አለ። እሳቸው እስኪያስሉ ሳቁ።

ያን ከሰዓት መቀመጥ አቃተኝ። ዝናቡ ሊገባ ነው የሚባልበት፣ ግን የማይገባበት ወቅት ነበር። ደመናው ከኢትዮጵያ በኩል ይከመርና ሰው ቀና ብሎ ሲያየው ይበተናል። ነፋሱ ቀይ አቧራ እያነሳ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ስለ ከብት ዋጋ አንድ ዜና ጀምሬ ሁለት መስመር ላይ ተውኩት። ተነስቼ ሞተር ሳይክል ያዝኩና የስልክ መስመር ደህና ወደሚሠራበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ቡቲዬ ሄድኩ። ፍየሎች አጥር ሥር ተኮልኩለው ጥላ ይሻማሉ። ሳሊም ጋ ደወልኩ።

«ደህና ነሽ ዳዳ? የትኛውን ልትገዢ ነው?»

«እናቴ ብቻዋን ናት» አልኩት።

«እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ኮምፒውተሩ ነው» አለ። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። ሞተረኛውን አሰናብቼ በእግሬ ተመለስኩ።

እናቴ በር ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋን አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። እኔን አዝላ ነው ከኢትዮጵያ የወጣችው። መጀመሪያ ስደተኞች ካምፕ ኖርን፣ ኋላ እዚህ ገባን፤ አባቴም እዚሁ አረፈ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትዞሪው?» አለችኝ።

ሁለቱን ዕቃዎች አስረዳኋት። መርገጫውን ሳታቆም ሰማችኝ።

«መቼ መውጣት እንዳለብሽ ይነግርሻል?»

«ሁለቱም ይነግሩኛል።»

«አልሰማም ብትዪውስ?»

«ይዘጋል። አንድ ሁለት ቀን አላሰላልሽም ይለኛል።»

«ጎሽ! እኔ ያቃተኝን የሚቀጣልኝ ተገኘ» ብላ ሳቀች። «ታዲያ ያስጨነቀሽ ምንድን ነው?»

«አንቺን ለማን ትቼ?»

መርገጫው ቆመ። መነጽሯን አወለቀች። «እኔ ከአገር ስወጣ ማንን ለማን ትቼ ልሂድ ብዬ የተቀመጥኩ ይመስልሻል? ስሚኝ። መሄድ ካማረሽ ሂጂ፤ መቅረት ካማረሽ ቅሪ። ለእናቴ ብዬ ቀረሁ ስትዪ ግን እንዳልሰማ። አርጅቼ አልጋ ላይ ስውል ፊትሽን አጥቁረሽ ሻይ እንድታቀርቢልኝ አልፈልግም። እኔን ከዚህ ጉዳይ አውጪኝ።» መነጽሯን መለሰችና ክሩን አስተካከለች። «ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ።»

የተቀቀለውን በቆሎና ባቄላ ግቢው ውስጥ ቆሜ በላሁ። እናቴ ከጉዳዩ ስትወጣ ልቤ ተንደርድሮ ወደ ባሕሩ ይሄዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሄደም። ግራ ገባኝ። ያን ጊዜ ለዜና ሰው እንደምጠይቀው ራሴን ጠየቅሁ፤ ውሃ ውስጥ ስትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? መልሱን አውቀው ነበር። የቀሩኝን ደቂቃዎች አያለሁ፤ ያየሁትን ዓሣ፣ ብርሃኑን፣ ድንጋዩን ለማን እንዴት እንደምነግር ዓረፍተ ነገር እሠራለሁ። ሳሊም ከውሃ ሲወጣ ለረጅም ጊዜ አይናገርም። እኔ ጭንብሌን ሳላወልቅ ማውራት እጀምራለሁ። የምወደው መውጣቱን ነበር፤ የሚነገር ነገር ይዞ መውጣቱን። ያንኑ መርከብ በየቀኑ ለእንግዳ የምታሳይ ሰው ውሃውን ራሱን መውደድ አለባት። እኔ ውሃውን የምወደው እንደ እንግዳ ነው። ይህን ማወቁ ደስ አላለኝም። እንደማንኛውም መረጃ ገልብጬ አየሁት፤ አልፈርስ አለ።

ሐጂ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ደረስኩ። «የመጀመሪያውን» አልኳቸው።

«ርካሹን?»

«የሚበቃኝን።»

«ዱባይ ድረስ ሄጄ ይህቺን? ሰው ምን ይለኛል!» አሉ እግራቸውን እያጠቡ። ግን አመጡልኝ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና የጉምሩክ ሰው ሻንጣ እንደሚያይ ፊቴን አገላብጣ አየችው። የፈራችውን ነገር አላገኘችም መሰለኝ፤ «እሺ» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። በዚያ ኮምፒውተር መስተዋቱ እስኪጫጫር፣ አቅሜም እስኪደክም ጠለቅሁ፤ እስከሚፈቅድልኝ ወርጄ፣ ውጪ ሲለኝ ወጥቼ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የሳሊም ጀልባ ሰዎችን እየወሰደች ያሳየቻቸውን የሰመጡ መርከቦች የማውቃቸው በወሬ ብቻ ነው። ወጣት ሳለሁ ሰው በትክክል ከመረጠ ልቡ ያርፋል ብዬ አምን ነበር። የእኔ አላረፈም። አሁንም ዝናቡ ሊገባ ሲል ወንበር አይዘኝም፤ ሥራዬን ትቼ ወደ ቡቲዬ በሚወስደው መንገድ እስኪመሽ እራመዳለሁ። ያን ጊዜ የማስበው ያልወረድኩበትን ውሃ ነው። በእናቴ አላሳብብም፣ በድርቁ አላሳብብም፣ በድንበሩም አላሳብብም። ያላየሁት ጥልቀት የራሴ ነው።