ማይኒኒ ሙቻኔታ እና የምክትል ሚኒስትሩ አባት

ሙቻኔታ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ማይኒኒ ነው የምላት። ለቅሶ ቤት ከገባች የሟች ሚስት እንኳ ሳትወድ በግድ ትስቃለች። እኔን ካላመናችሁ የመንደራችንን የኒያማሩዋን ሰው ጠይቁ።

በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ወገን ሳህዊራ የሚባል ወዳጅ ወገን አለው። እነሱ ሲሞቱ እኛ እንቀብራለን፣ እኛ ስንሞት እነሱ ይቀብሩናል። የሳህዊራ ሥራ ግን መቃብር መቆፈር ብቻ አይደለም። የሟቹን ልብስ ይለብሳል፣ አካሄዱንና ድምፁን ይቀዳል፣ ስስቱን፣ ስካሩን፣ ከጎረቤት ሚስት ጋር የነበረውን ጣጣ ሁሉ በሬሳው ፊት ይዘረግፈዋል። መቆጣት ነውር ነው። ከቀብር በኋላም ቢሆን በዚያ ልብስ ሆኖ ሲጠራቸው የሟቹ ልጆች ተንበርክከው፣ መዳፋቸውን እያጨበጨቡ፣ ልክ ለአባታቸው እንደሚመልሱት መመለስ አለባቸው። ሳህዊራን መቆጣት ሟቹን መቆጣት ነውና ማንም አይደፍርም።

ማይኒኒ የቺሃምቢ ቤተሰብ ሳህዊራ ናት። ሽማግሌው ቺሃምቢ የሞቱ ጊዜ ኮፍያና ካፖርታቸውን አጥልቃ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ስትገባ ሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ሳቅ አሸንፏቸው መሬት አስቀመጡት። ልጃቸው ታፊረኒካ ያኔ ከዋናው ከተማ መጥቶ ነበር። እሱም ሲስቅ ሲያለቅስ ዋለ። ኮፍያውና ካፖርቱ በደንቡ ለሷ ቀሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ታፊረኒካ የማዕድን ምክትል ሚኒስትር ሆነ። እሰይ የኛ ልጅ ተሾመልን ብለን በሬ አረድን። ምን ዓይነት ቂሎች ነን!

ነገሩ አልማዝ ነው። መሬታችን አልማዝ አለው፤ አለው ከተባለ ጀምሮም ሰላም የለንም። መንግሥት የኔ ነው ይላል፣ ድሮ ፈቃድ የነበረው ኩባንያ ፍርድ ቤት ይመላለሳል፣ እኛ ደግሞ አያቶቻችን የተቀበሩበት ነው እንላለን። የመንግሥት ኪስ ባዶ ነው። እኔ የመንግሥት መምህር ነኝ፣ ባዶነቱን ማንም አይነግረኝም። ስለዚህ ገንዘብ ያላቸው የባሕር ማዶ ሰዎች ተፈለጉ። ሰዎቹ ግን አንድ ወረቀት ጠየቁ፤ ‹‹በቦታው የሚኖርም ሆነ ይገባኛል የሚል ሰው የለም›› የሚል።

ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማ በየቦታው ተተከለ። አንዱ ያረፈው በማይኒኒ ማድ ቤትና በፍየሎቿ በረት መሀል ነው። ወረቀቱ ከተፈረመ ዶዘሩ በሳምንቱ ይመጣል ተባለ።

የመንደራችን አለቃ ጎሬዴማ ሰኞ ዕለት ሰበሰበን። ‹‹ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ሁላችሁም ከኮረብታው ጀርባ ትሄዳላችሁ። ፍየልም ጭምር! ቦታው ሰው የሌለበት መምሰል አለበት።››

‹‹አንተስ?›› አለችው ማይኒኒ።

‹‹እኔ እዚሁ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰው የለም ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋላ!››

‹‹ጉድ ነው! እንግዲህ አንተ ሰው አይደለህም ማለት ነው። እኔስ ድሮም እጠረጥር ነበር።››

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጎሬዴማ ግን አልሳቀም። የሚኒስቴሩን አስተርጓሚ ወባ ስለያዘው እኔ እንድተካው አዘዘኝና ሄደ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አራት መኪና አቧራውን እያጨሰ መጣ። ሰባ የሚሆኑ ሰዎች ከነፍየሉ ኮረብታው ጀርባ ተደብቀዋል። ሜዳው መሀል ጎሬዴማ ብቻውን፣ በሙሉ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክቡር ምክትል ሚኒስትሩ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ጫማ አድርገው ወረዱ። ሦስት እንግዶች ተከተሏቸው፤ አንዷ ደብተሯን የማትለቅ ቀጭን ጠበቃ ናት።

‹‹እንደምታዩት ባዶ ነው›› አሉ ክቡርነታቸው በእንግሊዝኛ።

‹‹ያ ቤት ግን ይጨሳል›› አለች ጠበቃዋ።

‹‹የተተወ ነው።››

‹‹የተተወ ቤት ይጨሳል?››

ወዲያው የቤቱ በር ተከፈተ። ኮፍያ ወጣ፣ ካፖርት ወጣ፣ ግራ እግር እየተጎተተ ወጣ። ማይኒኒ ናት፤ ግን ማይኒኒ አይደለችም። ሽማግሌው ቺሃምቢ ራሳቸው ናቸው፣ ያ ጉሮሮ ጠረጋቸው ሳይቀር።

‹‹ካዲኪ!›› ብላ ተጣራች። አባታቸው በልጅነታቸው እንደዚያ ነበር የሚሏቸው።

ክቡርነታቸው ዐሥር ሰው የሚያንቀጠቅጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ግን አላማከራቸውም፤ ጠጠሩ ላይ አረፈ። መዳፋቸው ማጨብጨብ ጀመረ።

‹‹አቤት ባባ!››

‹‹ምን ይላሉ?›› አለች ጠበቃዋ። ተረጎምኩላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጆችን በትክክል ተርጉሙ እያልኩ የጮህኩ ሰው ዛሬ ልዋሽ?

‹‹እንግዳ ይዘህ መጥተህ ደጄን ዘለህ ልታልፍ ነው? እኔ ጉቶ ነኝ?››

‹‹ይቅር ይበሉኝ ባባ።››

‹‹ጫማህስ ምነው እንዲህ አብለጨለጨ? ላም እንለብ ሲባል ሆዴን አመመኝ ብሎ የሚተኛ ልጅ፣ አሁን ደግሞ የላሞቹን ግጦሽ ሊሸጥ መጣ!››

ይኼኔ ኮረብታው ሳቀ። ሰባ ሰው በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ፍየሎቹም አብረው ጮኹ። እንግዶቹ ዞረው ኮረብታውን አዩት።

ማይኒኒ አልሳቀችም። ቀረብ ብላ ድምፁን ዝቅ አደረገችው። አዛውንቱ ነገር ሲመርራቸው እንደዚያ ነበር የሚናገሩት።

‹‹ካዲኪ፣ ይህ መሬት የማን ነው?››

ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። የኔ ነው ቢሉ አባታቸውን መካድ ነው፣ የመንግሥት ነው ቢሉም ያው።

‹‹የእርስዎ ነው፣ ባባ›› አሉ።

ተረጎምኩ። ጠበቃዋ ጻፈች።

‹‹ስለዚህ ባለቤቱ እኚህ ሽማግሌ ናቸው?››

‹‹ሽማግሌው ሞተዋል›› አልኳት።

‹‹ቆመው?››

‹‹እሷ ሴት ናት። አክስቴ ናት።››

ጠበቃዋ እኔንም ማይኒኒንም ከላይ እስከ ታች አየችን። ከዚያ ከጓደኞቿ ጋር ተንሾካሾከችና ደብተሯን ዘጋች። ‹‹የባለቤትነቱ ነገር ሲጣራ እንመለሳለን።››

ጎሬዴማ እስክሪብቶውን እንደያዘ ብድግ አለ። ‹‹እኔስ? ልፈርም?››

ያን ጊዜ ሕዝቡ ከነፍየሉ ቁልቁለቱን እየወረደ ነበር።

እንግዶቹ ሄዱ። ክቡርነታቸው ግን ቀሩ። ጫማቸውን አወለቁና ማይኒኒ ደጃፍ ላይ ዘጭ አሉ።

‹‹ገደሉኝ እኮ፣ አምቡያ›› አሉ። አሮጊትን በአክብሮት ስንጠራ አምቡያ ነው የምንለው።

‹‹እኔ የሞተ ነው የምቀብረው። ገድዬ አላውቅም።››

‹‹አይቀልዱ! ሆስፒታል ውስጥ ጓንት እንኳ የለም። እኚህ መምህር ደሞዝ ካዩ ስንት ወራቸው ነው?››

‹‹ሦስት›› አልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አፈርኩ።

‹‹ታዲያ ከየት ላምጣ? ይንገሩኝ፣ ከየት ላምጣ?››

ማይኒኒ ኮፍያውን አወለቀች። እውነታቸውን ነው።

‹‹እሱን አላውቅም፣ ልጄ›› አለች በራሷ ድምፅ። ‹‹እኔ የማውቀው ይሄ ቤት ከፈረሰ መግቢያ እንደሌለኝ ነው። ከአልማዙ ቦታ አንሥታችሁ ወደ ድሮው ትምባሆ እርሻ የወሰዳችኋቸውን ሰዎች ሄጄ አየኋቸው። ውኃ በቦቴ ይጠብቃሉ። ጎረቤታቸውን አያውቁትም። ቢሞቱ ማን ይስቅባቸዋል? እፈራለሁ። እንደዚያ መሞት እፈራለሁ።››

ማይኒኒ እፈራለሁ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክቡርነታቸው ካስማውን አዩት፣ እሷን አዩአት። ‹‹እኔ በዚህ ሥልጣን እስካለሁ ድረስ ያ ካስማ ወደ ቤትዎ አንድ ክንድ አይጠጋም። በአባቴ ስም እምልልዎታለሁ።››

‹‹ተባረክ። እስከ መቼ ነው የምትቆየው?››

ስልካቸው እንግዶቹ ከሄዱ ጀምሮ ሲነዝር ነበር። አወጡት፣ ከዋናው ከተማ የመጣውን መልእክት አነበቡ፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

‹‹እስከ ዓርብ ይመስለኛል›› አሉ።

ማይኒኒ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ካፖርቱን አውልቃ በሩ ላይ ሰቀለችና ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች።

‹‹በሉ ተነሱ፣ ሁለታችሁም። ኦቾሎኒዬ ደርሷል። እኛ ካልነቀልነው ዶዘር ነው የሚነቅለው።››

ክቡርነታቸው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከኔ ቀድመው ማሳ ገቡ። አፈሩን ሳያራግፉ ስለሚወረውሩ እስኪመሽ ስትሰድባቸው ዋለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጨረስን። ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር።