በቱታ የመጣ ቀባሪ

መኩሪያ ስልሳን ከተሻገረ ቆይቷል፤ ሩጫን ግን አልተወም። ደብረ ብርሃን ላይ የስፖርት አስተማሪ ሆኖ የሰው ልጅ ሲያስሮጥ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የሚያስሮጠው ቢያጣ ራሱን ማስሮጥ ቀጠለ። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይሳደባል ወይ ይጠጣል፤ እሱ ጫማውን ያስራል።

ያን ቅዳሜም ከምሳ ላይ ተነስቶ ጫማውን ያሰረው ተቆጥቶ ነው። ሀና ማርያም ሰፈር፣ ልጁ እፀገነት ቤት በእንግድነት ከመጣ ሳምንቱ ነበር። እሷ ከመጣበት ቀን ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባዬ፣ ከእንግዲህ እዚሁ ከእኔ ጋር ትኖራለህ።» እናቷ ውብነሽ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ክረምት ላይ የሳንባ ምች ጥሎት፣ ጎረቤቱ ቱሉ በሩን ገንጥሎ ባይደርስለት ኖሮ አልቆለት ነበር።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ቱሉ አለልኝ» አላት።

«ቱሉስ አንድ ቀን ባይኖር? ስልክህ ካልተነሳ እኮ ሥራ ቦታ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደከመኝ አባዬ!»

«እንግዲያው ነገ እገላግልሻለሁ፤ አገሬ እገባለሁ» ብሎ ቀዩን ቱታውን ለብሶ ወጣ።

ሩጫ እንኳ አይባልም። የእግረኛው መንገድ ተቆፍሯል፣ የሲኖትራኩ አቧራ ጉሮሮ ይዘጋል። «ፋዘር፣ ማን እያባረረዎት ነው? ይግቡ እናድርስዎት!» ይለዋል የሚኒባሱ ረዳት። አገሩ ሲሮጥ ያገኘውን ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፤ እዚህም ሞከረው፣ የሚመልስ ግን ጠፋ። ዳገቱን ሳያጋምስ ደከመው። ድካሙ የዳገቱ ብቻ አልነበረም። ብቻውን ማብሰል፣ ብቻውን መብላት፣ ድምፅ እንዲኖር ብሎ ራዲዮ ከፍቶ ማደር ታክቶታል። ይህን ለልጁ ከሚነግራት ግን ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

ቀብሩን ያገኘው እዚያው ዳገት ላይ ነው። ሳጥን የተሸከሙ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያዘግማሉ፤ ተከታዩ ጥቂት ነው። አስከሬን እያዩ ሮጦ ማለፍ እሱ ባደገበት ነውር ነው፤ ሟቹን ባያውቁትም ጥቂት ይሸኙታል። ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ተከተለ። አንዱ ተሸካሚ ሲንገዳገድ ደግሞ ገባና ትከሻውን ሰጠ።

ስህተቱ ይህ ሆነ። ዕድርተኞቹ በላብ ተነክሮ፣ በቱታ፣ ሲያለከልክ ሲያዩት፣ መርዶ ሰምቶ እንዳለ ሮጦ የመጣ የሟች ወንድም መሰላቸው። አንዱ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው፤ ሌላው ክንዱን ይዞ ከሐዘንተኞቹ መሀል አቆመው።

«ኧረ እኔ መንገደኛ...» ሊል ሲል የሟች ልጅ በእንባዋ ፊቱን እንኳ ሳትለይ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ብቻውን ሞተብኝ እኮ፣ ጋሼ! ስንቴ ና አልኩት! አገሬን፣ ቤቴን ሲለኝ ከረመ። በሩን ከውስጥ እንደቆለፈ ነው ያገኙት፤ ሬሳውን ይዤ መጣሁ!»

የእፀገነት እኩያ ናት። እጇ ጀርባው ላይ ይንቀጠቀጣል። መኩሪያ መንገደኛነቱን ዋጠ። «አይዞሽ፣ ልጄ» አላት፤ አፈሩ እስኪመለስም አብሯት ቆመ። አለቀሰም። ለማን እንዳለቀሰ ራሱ ያውቃል።

ሲመለስ እፀገነትን ከቤቷ ደረጃ ሥር በነጠላ ጫማ ቆማ አገኛት። ጥሎት የወጣው ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«የት ጠፍተህ ነው? ጋቢውስ የማን ነው?»

«ቀብር ነበርኩ።»

«የማን ቀብር? እዚህ አገር ማንን ታውቃለህ?»

«ሟቹን አላውቀውም» አለና ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ልጁን ግን አወቅኳት።»

እፀገነት ግራ ገብቷት የጋቢውን ጫፍ አገላብጣ አየች።

«ጋቢውን ነገ ለቅሶ ቤት ወስደን እንመልሳለን። ከዚያ ለቱሉ ደውዪለት፤ ቤቴን ለደህና ሰው ያከራየው። እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ።»

ጫማውን ሊፈታ ቢያጎነብስ ወገቡ እምቢ አለው። እሷ ተንበርክካ ፈታችለት።