አራት ድምፅ በካትሌሆንግ ፀጉር ቤት

አራት ሆነን ያለ መሣሪያ ነበር የምንዘምረው። ዜማውን የሚይዘው ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ ፀጉር ቤት የነበረው ጓደኛችን ነው። የሚስቱ ወንድም ከላይ በቀጭኑ ይገባል፤ ብርድ ልብስ እያዞረ የሚሸጥ የሆሳዕና ሰው መሃሉን ይሞላል፤ እኔ ከታች በወፍራሙ እይዛለሁ። የእኔ ስፓዛ፣ ትንሿ ሱቄ፣ ከፀጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከጻካኔ እስከ ዳቬይተን ያለ እኛ የሚሞሸር የሐበሻ ሙሽራ አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ኮሮና መጣና ሰርግም ጉባኤም ተከለከለ።

ፀጉር ቤት እንዲከፈት በተፈቀደ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ጠፍቶ እየተለማመድን ሳለ ሁለት ሰዎች ገቡ። ማስክ አድርገዋል። ያኔ የሚያስፈራን ማስክ ያላደረገ ሰው ነበር።

«ሳውቦና» ብሎ ሰላም አለን አንደኛው።

«ዬቦ፣ ተቀመጥ» አለው ባለ ፀጉር ቤቱ፣ ወንበሩን በፎጣ እያራገፈ።

ሰውየው ሽጉጥ አወጣ።

ያለንን ሁሉ ሰጠናቸው። ወለሉ ላይ በደረታችን አስተኙን፤ ፊቴ የተቆረጠ ፀጉር ውስጥ ተቀበረ። ይሄዳሉ ስንል ባለ ሽጉጡ «ከውጭ ስንሰማችሁ ነበር፤ በሉ ዝፈኑ» አለን። ጓደኛው ሳቀ።

ዘመርን። ፀጉር እየዋጥኩ ዘመርኩ። ቀጭኑ ድምፅ ግን እምቢ አለ፤ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ሲቃ ብቻ ነው። የሳቀው ሰውዬ ጎኑን በእርግጫ አለው። ደገመው። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ሊሰልስ እግሩን ሲያነሳ ባለ ፀጉር ቤቱ መቀሱን ይዞ ተነሳና ጭኑ ላይ ሰካበት። ሽጉጡ ጮኸ። መስታወቱ ላያችን ላይ ረገፈ። እኔም ቀና ከማለቴ የሽጉጡ እጀታ አፌ ላይ አረፈ፤ ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁት።

ባለ ሽጉጡ አመለጠ። መቀስ የተሰካበትን ግን እያነከሰ ከመንገዱ ጥግ ሳይደርስ ሰፈሩ ያዘው። ጎጎ ብለን የምንጠራት፣ ከማዶ ጎመን የምትሸጥ አሮጊት ጡብ ስታነሳ በተከፈተው በር በኩል አየኋት። ፖሊስ ሲመጣ ሰውየው አይንቀሳቀስም ነበር። አላዘንኩለትም፤ ደስም አላለኝም። በሁለት እጄ የባለ ፀጉር ቤቱን አንገት በፎጣ ይዤ ነበር፤ ደሙ በጣቶቼ መሃል ይወጣል።

«ጋሼ፣ አትናገር» ይለዋል የሚስቱ ወንድም፣ ጎኑን ደግፎ እየተሳበ። «እባክህ አትናገር።»

ጥይቱ ጉሮሮውን ቦጭቆት ነው ያለፈው። ሆስፒታሉ በኮሮና በሽተኛ ሞልቶ ስለነበር ኮሪደር ላይ ተኝቶ ታከመና ተረፈ። ድምፁ ግን አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ሌላ ዜማ መሪ እንፈልግ ብዬ ነበር። ብርድ ልብስ ሻጩ «እኔ ከሌላ ሰው ጋር አልቆምም» አለና ወሬው በዚያው ቀረ።

ክልከላው ሲነሳ ዳቬይተን ለሰርግ ተጠራን። የሚስቱ ወንድም ዜማውን ያዘ፤ ከላይ የሚገባ ሰው አልነበረንም። ባለ ፀጉር ቤቱ ሱፉን ለብሶ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣና መሃላችን ቆመ። ስንጀምር እሱም አፉን ከፈተ። ሰርገኛው እልልታውን አቀለጠው፤ የጎደለን ነገር ያለ አልመሰለውም። አጠገቡ የቆምኩት እኔ ግን ትንፋሹን እሰማ ነበር፤ የሚገባበት ቦታ ላይ ይገባል፣ የሚያርፍበት ላይ ያርፋል።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ሁለተኛው መዝሙር ላይ ቸኩላችኋል» አለኝ።

ለሌሎቹ ነገርኳቸው። ማንም አልተከራከረም።