አፕዴቱ ያጠፋው ንቅሳት

የምሠራው ኦምዱርማን ገበያ አጠገብ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሙያውን በፊልም ዘመን የተማሩ፣ ኮምፒውተር በእጃቸው የማይነኩ ሰው። ሁላችንም ዓሚ፣ አጎቴ፣ ነው የምንላቸው። እናቴ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች የሐበሻ ሠርግ ሲመጣ ሥራው ለኔ ይሰጣል፤ ሴት በመሆኔም ሙሽራዋ ክፍል ድረስ እገባለሁ።

አንድ ጠዋት ዓሚ ጠሩኝና ጥሬ ፎቶ የምናስተካክልበት ፕሮግራም አዲስ አፕዴት እንደወጣለት፣ ገበያው ሁሉ እሱን እንደሚያወራ ነገሩኝ። ጥሬ ፎቶ ማለት ካሜራው ያየውን ሁሉ እንዳለ የያዘ ነው፤ ብርሃኑንና ቀለሙን የሚያበስለው ፕሮግራሙ ነው። በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ከመጫኑ በፊት እኔ እንድሞክረው ፈለጉ።

«አንድ ቃል ንገሪኝ» አሉ። «ይሻላል ወይስ አይሻልም?»

ማውረዱ ብቻ ትዕግሥቴን ጨረሰው። ከስልኬ ኢንተርኔት ሰጥቼው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ፤ ሲመጣ እንደገና ከሀ ጀመረ። ተጭኖ ሲከፈት ደግሞ የለመድኳቸው ነገሮች ሁሉ ቦታ ቀይረዋል፤ በሰው ጓዳ ገብቼ ጨው የምፈልግ መሰልኩ። የድሮ ሥራዎቼን ወደ አዲሱ ላዛውር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እሺ አልኩት። ከዚህ በኋላ በአሮጌው ፕሮግራም ሊከፈቱ እንደማይችሉ የነገረኝ እሺ ካልኩት በኋላ ነው።

መሞከሪያ ያደረግኩት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የተደገሰውን የአንዲት የወሎ ልጅ ሠርግ ነው። ሙሽራዋ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ያገባችው ካላክላ ሰፈር የሚሠራ ሱዳናዊ መካኒክ ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ ስለነበር ፎቶዎቹ አሸዋ የተነፋባቸው ይመስሉ ነበር። አፕዴቱ ያንን አሸዋ ጥርግ አድርጎ አወጣው፤ በዚህ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቆየው አንገቷን እስካይ ነው። ልጅቷ አንገቷን ዙሪያውን እንደ ድሪ የከበበ ንቅሳት አላት። ፕሮግራሙ እድፍ መስሎት አጥፍቶታል። ሳልጠይቀው ፊቷንም አቅልቶታል። ይህን የሚያደርገውን ነገር ፈልጌ አጠፋሁት፤ ቀጣዩን ፎቶ ስከፍት በራሱ ጊዜ ተመልሶ በርቷል። አጠፋሁት፣ በራ። በአማርኛም በዓረብኛም እየተራገምኩ ቀኑ መሸብኝ።

በማግስቱ ጠዋት አሸነፍኩት፤ ንቅሳቱ ተመለሰ። በዚያው ቀን ሙሽራዋ የእጇ ሂና ገና ሳይለቅ፣ ፎቶዋን ልትወስድ በባለ ሦስት ጎማ ረክሻ መጣች። አጠገቤ አስቀምጬ ፎቶዋን ከፈትኩላትና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ፕሮግራሙ ንቅሳቷን እንዳጠፋው፣ እኔ እንደመለስኩላት።

«እህቴ፣ ባይመለስስ?» አለችኝ።

የምትሠራበት ቤት እመቤት፣ እንግዳ ሲመጣ አንገቷን በጠርሃዋ፣ በራስ ሻሿ፣ እንድትሸፍን ታዛት ነበር። አማቷ ደግሞ ገና በትውውቁ ቀን፣ ታጥቦ ይለቅ እንደሆነ ጠይቃታለች። ስለዚህ ልጅቷ፣ አማቴ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ያለ ንቅሳት ይሁንልኝ አለችኝ።

ተናደድኩ፤ በእመቤቷ ይሁን በአማቷ ወይም በራሷ በልጅቷ አላውቅም። አንገቷ እንደሚያምር፣ በእናቷ አገር ጌጥ ማፈር እንደሌለባት ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እሺ፣ እንግዲያው አንቺ ነይና ከአማቴ ጋር ኑሪ» አለች።

ያንን የተረገመ ነገር መልሼ አበራሁት። ትናንት ሳይጠየቅ ሲያጠፋ የዋለው ፕሮግራም ዛሬ ሲለመን የንቅሳቷን ግማሽ አጥፍቶ ግማሹን ተወው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ነጥብ በነጥብ በእጄ ማጥፋት ጀመርኩ። እሷ ወንበሯን አስጠግታ «እዚህ ጋ ቀርታለች፣ እዚህም» እያለች በሂናው ጣቷ ትጠቁመኛለች። ትናንት ለመመለስ የተሟገትኩለትን ዛሬ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ስጨርስ ሌላ አንድ ፎቶ መረጠች።

«ይኼ ለእናቴ የሚላክ ነው። እንዳለ ይሁን። ያስነቀሰችኝ እሷ ናት፤ ካላየችው ልጄ አይደለችም ትላለች።»

ሁለቱን አትሜ በየፖስታው ከተትኩላት። እንዳይቀያየሩባት በአንዱ ላይ በዓረብኛ፣ በሌላው ላይ በአማርኛ ለማን እንደሆነ ጻፍኩበት። ጠርሃዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ አመስግናኝ ሄደች።

ዓሚ ከሰዓት በኋላ መጥተው ምን ወሰንሽ አሉኝ። ጨለማ ክፍል የተነሳን ፎቶ እንደሚያጠራ፣ ግን የሰው ቆዳ እንደማያውቅ፣ አጥፋ ሲሉት እንደሚተው፣ ተው ሲሉት እንደሚያጠፋ አስረዳኋቸው።

«አንድ ቃል ነበር ያልኩሽ» አሉ።

«አይሻልም» አልኩ።

ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በአሮጌው ቀሩ። የኔ ግን ወደ ኋላ መመለስ ስለማይችል አዲሱ ላይ ነው ያለው፤ እስከ ዛሬም በየሙሽራው ፎቶ እየተጨቃጨቅን እንሠራለን።