ስም የሌላት ኳስ

ባሌ ኦርቪን ስቴክል የቤዝቦል ተጫዋች ፎቶ የታተመባት ካርድ ሲያነሳ ጠርዝና ጠርዟን በሁለት ጣቱ ይይዛል፤ ፊቷን አይነካም፣ ትንፋሹንም ይውጣል። እኔን እንዲህ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም ብዬ ኖርኩ እንጂ፣ እኔ ማርላ በወረቀት የምቀና ሴት ነኝ። በሌላ ሴት ብቀና ሄጄ ፀጉሯን እጎትትላት ነበር። ካርድ ምኑ ይጎተታል?

የልብስ ስፌት መኪናዬን የማስቀምጥባት ክፍል ነበረችኝ። አሁን የእሱ ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ የቤዝቦል መጽሐፍ ነው። በየአልበሙ ካርድ፣ በየመስታወቱ ሳጥን ኳስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀ የመምቻ ዱላ፣ ጥግ ላይ ከፈረሰ ስታዲየም ተነቅሎ የመጣ ወንበር። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። "ወንበር አይደለም እንዴ?" ስለው፣ "እሱ ቅርስ ነው ማርላ፣ ተነሺ" ይለኛል። ድንቄም ቅርስ! ሥሩ የደረቀ ማስቲካ አለበት።

ደስታውን ግን አልክድበትም። በረዶው መንገዱን ሲዘጋ እኔ ድንች እልጣለሁ፣ እሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ ያነባል። "ስሚ እንጂ! ይሄን ስሚ!" ይላል። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ተጫዋች በሬ ጋልቦ ሜዳ መምጣቱን ይነግረኝና እንባው እስኪወርድ ይስቃል። አሮጌ የካርድ ፓኬት ሲያገኝ ደግሞ አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ድሮ አብሮት ይታሸግ የነበረው የማስቲካ ሽታ ዛሬም አልለቀቀውም። ዕድሜውን ሙሉ በበቆሎ ፋብሪካ ቦይለር ሲጠግን የኖረ፣ ጡረታ የወጣ ሰውዬ፣ ፊቱ የልጅ ፊት ይሆናል። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ይቅር እለዋለሁ። እራቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

ከሁሉም በላይ የሚወደው ግን ዊልበር ሃስን ነው። ከእኛ ከተማ፣ ከካልደን ወጥቶ በትልቁ ሊግ ኳስ የወረወረ እሱ ብቻ ነው። ሁለት በጋ ወረወረና ትከሻው ተበላሸ። ተመልሶ መጥቶ ለገበሬ ዘር ሲሸጥ አረጀ። ኦርቪን ሕፃን ሳለ፣ ዊልበር ገና እዚሁ የገበያ ሜዳችን ላይ ሲወረውር፣ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አይቶታል። በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አልዳነም። የዊልበር ካርዶች አንድ ሳይቀር አሉት፤ ስሙ በስህተት የታተመበትም ሳይቀር። ስንት ሰው ዱላውን በባዶ አወናጭፎ እንደተመለሰ፣ በየትኛው ጨዋታ ዝናብ እንደጣለ በቃሉ ያውቃል።

አንድ ቃል ግን አናግሮት አያውቅም። አንድ ከተማ እየኖሩ! አንድ ጊዜ ምስማር ልንገዛ መደብር ገብተን፣ ዊልበር በበሩ ሲገባ ባሌ የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሮ ከነበረበት ጀርባ ተደበቀ።

"ሂድና ሰላም በለው እንጂ!" አልኩት።

"ምን ብዬ?"

"ሰላም ብለህ ነዋ!"

"ዝም በይ፣ ይሰማናል!" አለኝ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

እንዲህ እየፈራ ሳለ ነው ዱዌይን ፕሪትስ ሰላሙን የወሰደበት። ዱዌይን የሰፈራችን ፖስተኛ ነው። ቤዝቦል ሲያይ እንቅልፍ ይጥለዋል። መንገዱ ግን በዊልበር በር ላይ ነው፤ በየቀኑ ደብዳቤውን ሰጥቶት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሎሚናት ይጠጣል። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቤት ስንገናኝ ደግሞ ሳይጠይቁት ያወራል።

"ዊልበርን ጉልበቱን አሞታል" ይላል፣ እንቁላሉን እየቆረጠ።

"የቱን?" ይላል ባሌ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

"ግራውን። ቲማቲም ሲተክል ነው አለኝ።"

"ምን ቲማቲም! ግራ ጉልበቱን በሁለተኛው ዓመቱ ኳስ መትቶት ነው! ሁሉም ሰው ያውቃል!"

"እኔ ምን አውቄ ወዳጄ? ቲማቲም ነው ያለኝ።"

ቤት ስንገባ ኦርቪን ኮቱን እንኳ አላወለቀም። "ቲማቲም እንደሚተክል አላውቅም ነበር" አለኝ። "ስንት ዓመት ሙሉ ስለሱ ሳነብ! ቤዝና በር ለማይለይ ሰው ነው የሚነግረው! ምን ይገባዋል እሱ? ምን ይገባዋል ማርላ?" ቅናት አንጀቱን እርር አደረገው። እኔ ደግሞ፣ ክፉ አትበሉኝና፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ፈገግ አልኩ። እሰይ! እኔ በየቀኑ የምጎነጨውን ትንሽ ቅመሰው አልኩ በሆዴ።

በኋላ ቤተ መጻሕፍታችን የዊልበር ሃስ ቀን አዘጋጀ። ሽማግሌው ጠረጴዛ ይዞ ይፈርማል፣ የፈለገ ይምጣ ተባለ። ኦርቪን ለዚያ ቀን የተዘጋጀው ለሰርጋችን ከተዘጋጀው ይበልጣል። እጅ ያልነካት አዲስ ኳስ ገዛ፤ የማይፈዝ ሰማያዊ እስክሪብቶ መረጠ። በእነዚህ ሰብሳቢዎች ዘንድ ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ሁለቱ ቀይ ስፌቶች የሚቀራረቡባት ጠባብ ቦታ ላይ ፊርማው ብቻውን ይቀመጣል። "ለእገሌ" ተብሎ ስም የተጻፈባት ኳስ ተበላሸች ነው የሚሉት፤ ሌላ ሰው አይፈልጋትም።

"ሌላ ሰው ለምን ይፈልጋታል? ልትሸጣት ነው?" አልኩት።

"እኔ? ሞቼ ነው የምሸጣት!"

"ታዲያ ስምህ ቢኖርባት ምን ቸገረህ?"

"እንዲህ ነው የሚደረገው። አንቺ አይገባሽም።"

አይገባኝም፣ እውነቱን ነው።

ተራው ሲደርስ እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ኳሷን በነጭ ጓንት ይዟት ነበር፣ አቤት ሳፍር! ዊልበር ቀና ብሎ አየውና ፈገግ አለ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ግን ንቁ ነው።

"ለማን ብዬ ልጻፍ?" አለ።

ይኸው፣ በሕይወቱ ሙሉ የጠበቃት ጥያቄ። ባሌ ኳሷን አቀረበለት። "ስም አያስፈልግም። ፊርማዎ ብቻ። እዚህ ጋ" አለ፣ ቦታውን በጣቱ እያሳየ። እንደምን ዋሉ እንኳ የለ።

የዊልበር ፈገግታ ተሰበሰበ። "እሺ" አለና ፈረመ። "ቀጣይ።"

ከኋላችን ማን ይሁን? ዱዌይን! ውሻ ያኘካት የምትመስል ቆሻሻ ኳስ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አንከባለላት። "ና አንተ የዕዳ መልእክተኛ!" ሲለው ሰማሁ ዊልበር፤ ሁለቱም ተሳሳቁ፤ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ብዙ ጻፈ። የባሌ አንገት እንደ ዝይ አንገት ተሳበ፣ ግን አላየም።

መኪና ውስጥ መጀመሪያ ፎከረ። "አየሻት? ንጹሕ! እንከን የላትም!" ድልድዩን ሳንሻገር ግን ፉከራው አለቀ። "ምን ይሆን የጻፈለት?" አለ። እራት ላይም "ያን ያህል ምን ይጽፍለታል?" አለ። ሾርባውን እያማሰለ አቀዘቀዘው። በማግስቱ ራሱ ዱዌይን ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ፣ ይሄማ ይቀርብኛል?

"ኳሷን? ያዝ!" ብሎ ዱዌይን ከሳሎኑ ማዶ ወረወረለት። ባሌ ልቡ ሊቆም ነበር፤ የዊልበር ሃስ ፊርማ በአየር ላይ! ይዟት አነበበ። 'ለዱዌይን፣ ውሻዬ ለማይነክሰው ብቸኛ ፖስተኛ። ጓደኛህ ዊልበር' ይላል።

"ጓደኛህ" አለ ኦርቪን፣ በቀስታ።

"አዎ፣ ቀልደኛ ነው እኮ" አለ ዱዌይን።

"ዋጋ የላትም። ስም አለባት። የትም ብትወስዳት የሚቀበልህ የለም" አለ ባሌ።

"የት እወስዳታለሁ?" አለ ዱዌይን፣ ግራ ገብቶት።

ያን ሰሞን ከቤቴ ሰላም ጠፋ። የራሱን ኳስ በመስታወት ውስጥ እያየ ይቆማል። "ሌላ ኳስ ይዘህ በሩን አንኳኳ፤ ስሜን ጻፍልኝ በለው፤ አይበላህም" አልኩት። ስለ ገበያ ሜዳው፣ ስለ አባቱ ትከሻ እንዲነግረው ለመንኩት። "በረዶው ይቅለጥና" አለ። ቀለጠ። "ቲማቲሙን ይትከልና" አለ። ተከለ። "ምን ይለኛል? ያን ጊዜ ስሜን አልፈልግም ያልኩት ሰውዬ እኮ ነኝ!" አለኝ በመጨረሻ። ይህን እያለ ሌላ ክረምት ገባ፤ ዊልበር ሃስ በእንቅልፉ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የአሳማ ሥጋ፣ የድንች ሰላጣና ጄሎ የሚሉት አረንጓዴ ጣፋጭ ቀርቦ ነበር። ባለቤቱ ኢዳቤል አስቀድማ፣ ዊልበር የፈረመላችሁ ነገር ካለ አምጡ፣ እጅ ጽሕፈቱን ማየት እፈልጋለሁ ብላ አስነግራለች። ከተማው ሁሉ ተሰለፈ። ባርኔጣ፣ ዱላ፣ የዘር ከረጢት፣ የወረቀት ናፕኪን ሳይቀር ይዞ መጣ። መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ታነባለች፤ ትስቃለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። የዱዌይንን ስታነብ "አንተ ነህ! ውሻው እስካሁን በር በሩን ያያል፣ ይጠብቅሃል" ብላ ጉንጩን ሳመችው። ባሌ ከኋላው ቆሞ ጥርሱን ነከሰ።

ከዚያ የእሱን ኳስ አገላብጣ አየቻት። እንደገና አገላበጠቻት።

"ይቺ የማን ናት?"

"የኔ ናት" አለ ኦርቪን።

"ዊልበር እንዲህ ያሉትን የነጋዴ ኳስ ነበር የሚላቸው" አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። "ስም አይፈልጉም፣ ለመሸጥ ነው ይለኝ ነበር። ነጋዴ ነህ ልጄ?"

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። "ነጋዴ? ኧረ ተዉኝ! በባልዎ ፍቅር የስፌት ክፍሌን የቀማኝ ሰውዬ ነው!" አልኩ። ሰልፉ ሳቀ። ኢዳቤል አልሳቀችም፤ እሱን ነበር የምታየው።

ያን ጊዜ አፉ ተፈታ። የገበያ ሜዳውን ነገራት፤ የአባቱን ትከሻ ነገራት። "ከመወርወሩ በፊት ባርኔጣውን ሁለቴ ወደ ታች ይጎትት ነበር። አንዴ ለመልበስ፣ አንዴ ለዕድል" አላት።

ኢዳቤል አፏን በእጇ ያዘች። "ሁለቴ! አዎ፣ ሁለቴ! አይተኸዋል አንተ!" ከዚያም እጁን ጨበጠችው። "ለምን አንድ ቀን መጥተህ አልነገርከውም? እነዚህን የመጨረሻ ዓመታት 'እዚህ ሜዳ ላይ ስወረውር ያየኝ ሰው ሁሉ አለቀ፣ የሚመሰክርልኝ የለም' እያለ ነበር የሚተክዘው። አንተ ግን እዚሁ ነበርክ።"

የባሌን ፊት ማየት አቃተኝ።

"ስምህ ማን ነው?"

"ኦርቪን።"

እስክሪብቶዋን አነሳች። "ና ኦርቪን፣ እኔ ልጻፍልህ። እዚህ፣ ከፊርማው በላይ፣ 'ለኦርቪን' ብዬ። እሱ ቢያውቅ ይጽፍልህ ነበር።"

የእስክሪብቶዋ ጫፍ ኳሷን ሊነካ ሲል የባሌ እጅ ብድግ አለና ኳሷን መንጭቆ ደረቱ ላይ ለጠፋት። "አይ!" አለ።

ሰው ሁሉ አየ፤ ዱዌይንም አየ። ኦርቪን ራሱ ወደ እጁ ይመለከት ነበር፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ኢዳቤል እስክሪብቶዋን በቀስታ ከደነች። "ይሁን ልጄ" አለችና ፊቷን ወደ ቀጣዩ ሰው አዞረች።

መኪናው ውስጥ ገብተን ቁጭ አልን። ዱዌይን ኪሱ አብጦ እያፏጨ በመስኮታችን አለፈ፤ ባሌ እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ሸኘው፤ እንዲህ ያለ ቅናት በሰው ፊት አይቼ አላውቅም።

"እጄ ነው ማርላ" አለኝ። "እኔ እኮ አይደለሁም። እጄ ነው።"

"በል መኪናውን አስነሳ" አልኩት። ቁልፉን ለመያዝ ኳሷን ማስቀመጥ ነበረበት፣ አላስቀመጣትም። ወርጄ በሱ በኩል ዞርኩ፣ "ጠጋ በል" አልኩትና እኔው ነዳሁ።